የጾም ነው ያልነው ሩዝ

አብረን ያደረግነው የመጨረሻው ተራ ነገር የባለ ቅመም ሩዝ ከረጢት ማንበብ ነው። ሁዳዴ ነበር። ባለቤቴ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ከረጢቱን ዓይኑ ሥር ይዞታል። እኔ ከኋላው ቆሜ በትከሻው ላይ አያለሁ። ጽሑፉ የጤፍ ፍሬ ያክላል።

"የወተት ዱቄት የሚል ይታይሻል?"

"የለም።"

"የዶሮ ስብስ?"

"የእንጉዳይ ጣዕም ነው የሚለው።"

"ይሄ የእርሾ ምናምን የሚለውስ?"

"እርሾ ነዋ። እንጀራውስ በምን ይቦካል?"

"እንግዲያው የጾም ነው" አለና መነጽሩን ወደ አፍንጫው መለሰ። ቀቀልኩለት። ሳህኑን ሙልጭ አድርጎ በላ። በማግስቱም ሌላ ከረጢት ቀቀልኩለትና ደገመው። በዚያው ሳምንት እግሩ አበጠ፣ ትንፋሹ አጠረ፣ ሆስፒታል ወሰድነው። ወደ ቤቱ አልተመለሰም።

ባለቤቴ ልቡ ደካማ ነበር። ስኳርም ነበረበት። ሐኪሙ ጨው ከከለከለው ሦስት ዓመት አልፎታል። ጨው ውሃ ይይዛል፣ ውሃው መጀመሪያ እግር ላይ ይጠራቀማል፣ ከዚያ ሳንባ ውስጥ ይገባል ብሎ አስረድቶናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤቴ ጨው ወጣ። ወጣ ስል ከማዕዱ ላይ ብቻ ማለቴ አይደለም። በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው እንደሚገባበት ሴት ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ያለ ጨው ለብቻዬ አስፈጨሁ። ወፍጮ ቤት ተራ የሚጠብቁት ሴቶች "ይሄማ ይነቅዝብሻል" ብለው ሳቁብኝ። እንዳሉትም ነቀዘ። ደፋሁትና ሳይነቅዝ እንዲያልቅ በትንሽ በትንሹ፣ አሁንም ያለ ጨው፣ ደግሜ አስፈጨሁ። ሽሮውንም እንደዚሁ። ለሁለት ሰው ሁለት ድስት አልጥድም ብዬ እኔም አብሬው ጨው የሌለውን በላሁ።

እሱ አልወደደውም። "ይሄ ወጥ ነው ወይስ ቀለም የተቀባ ውሃ?" እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ሁለት ጉርሻ ይጎርስና እጁን ይሰበስባል። ጾሙ ሲገባ ጭራሽ ባሰበት። የንስሐ አባታችን መጥተው "ልጄ፣ የታመመ ሰው ጾም አይገደድም፣ ሐኪም ያዘዘህን ብላ" አሉት።

"አባቴ፣ ሐኪሙ ጨው ተው አለኝ እንጂ ወተት ጠጣ መቼ አለኝ?" አላቸው። ሳቁና ባርከውት ሄዱ።

ሩዙን ያመጣችው ታናሽ እህቱ ናት። አያት ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። ቢሮ ትሠራለች፤ ስለ ጤና በስልኳ ያላየችው ነገር የለም። ያን ቀን ገና ከበሩ ሳትገባ "ጋሼ፣ ነጭ ነገር ነው የሚገድልህ! ነጭ ሩዝ፣ ነጭ ዳቦ፣ ነጭ ስኳር። ይሄ ቡናማ ነው" አለች። ሙሉ ሳህን ሲበላ ስታየው ደግሞ ወደ እኔ ዞራ "አየሽ እትዬ፣ የሚጣፍጥ ሲያገኝ እኮ ይበላል" አለችኝ። ሦስት ዓመት ያለ ጨው ለሠራሁት ሴት።

ከቀብሩ በኋላ ከባዶዎቹ ከረጢቶች አንዱን ከመሳቢያ አወጣሁትና አነበብኩት። በዚህ ጊዜ ወተት አልፈለግኩም። ሩዙ ራሱ በደል የለበትም። ያልተፈተገ ስለሆነ አሰር አለው፣ የደም ስኳርንም እንደ ነጩ ሩዝ ቶሎ ከፍ አያደርግም። በዚህ እህቱ ትክክል ናት። ሩዙን ያጣፈጠው ቅመም ግን አብሮት የተደባለቀ ነው፤ ልቀንስለት ብል እንኳ አልችልም ነበር። ጨው የሚል ቃል በከረጢቱ ጀርባ ባለው ሠንጠረዥ ላይ የለም፤ ጨው ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር ሶዲየም ብሎ ነው የሚጽፈው። ቁጥሩም ትንሽ ይመስላል፣ ምክንያቱም የተጻፈው ለአንድ ድርሻ ነው። ከረጢቱ ደግሞ ሁለት ተኩል ድርሻ ይይዛል ይላል። ሁለት ተኩል ሰው ማን ነው? ለጾመኛ ሰው አንድ ምሳ ነች እኮ! ሶዲየሙን ወደ ጨው መልሼ፣ በበላው ልክ ደምሬ ሳየው፣ ሐኪሙ ለቀኑ በሙሉ ከፈቀደለት በልጦ አገኘሁት። በአንድ ሳህን። ከረጢቱ ፊት ላይ አረንጓዴ ቅጠልና ቀይ ልብ ተሥሏል። ልብ የሣለበትን ሰው ባገኘው የምለውን እዚህ አልጽፍም።

በባለቤቴም እናደዳለሁ። ፊደል የቆጠረ ሰው ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ መንግሥት ቤት ወረቀት ሲያነብ የኖረ። ያንን ከረጢት መስመር በመስመር አነበበና ወተት ብቻ ፈለገ። ለነፍሱ ሲጠነቀቅ ሥጋውን ረሳው። ይህን ሳስብ መጀመሪያ እቆጣለሁ፣ ከዚያ ወንበሩን አይና ቁጣው ማንን እንደሚያገኝ ይጠፋኛል።

ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። "እናቴ፣ ልቡ ቀድሞም ደክሞ ነበር፤ ሁለት ሳህን ሩዝ ብቻውን ገደለው አልልም" አለኝ። አምኜዋለሁ። የእኔ ንዴት ሌላ ነው። ለቅሶ ቤት፣ ሰው ተሰብስቦ ሳለ፣ እህቱ ደረቷን እየመታች "ጋሼን የገደለው ጨው ነው! ስንቴ ተናገርኩ፣ ወጡ ላይ ጨው ቀንሱ እያልኩ!" አለች። ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ጎረቤቴ "ኧረ ተይ፣ አሁን ይሄ ይባላል?" ብላ ልታስቆማት ሞከረች፤ ነገሩ ግን ከአፏ ወጥቷል። ባሏን በወጥ የገደለች ሴት ሆኜ ፍራሽ ላይ ተቀመጥኩ። ለቅሶ ላይ ያለች ሴት አትከራከርም። 

ከአርባው በኋላ እህቱ መጣች። በፌስታል ሁለት ከረጢት ይዛለች፣ ያንኑ ሩዝ። "እትዬ፣ ከስተሻል። እሱም ይወደው ነበር፣ ጤናማ ነው።"

"ተቀመጪ" አልኳት። "አንብቢልኝ።"

"ምኑን? ወንጌል ነው እንዴ?"

"ሶዲየም የሚለውን።"

አነበበችው። ድርሻውንም አስነበብኳት። በሁለት ተኩል ስታባዛ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ሒሳብ ታውቃለች፣ ሥራዋ ነው። ከዚያ ወጥ ቤት ወስጄ ጣሳዎቼን ከፈትኩላት። በርበሬውን በጣቷ ቀመሰች። ሽሮውንም ቀመሰች።

"ጨው የለውም" አለች።

"ሦስት ዓመት የለውም።"

"ታዲያ እኔ ገደልኩት ነው የምትይኝ?"

"አላልኩም። የእኔ ወጥ አልገደለውም ነው ያልኩሽ። ይሄንኑ ለቅሶ ላይ ለነበሩት ሴቶች በአፍሽ ትነግሪያቸዋለሽ።"

አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ከረጢቶቹን መልሼ በፌስታሏ ከተትኩላት፤ ለለማኝ እንኳ የምሰጠው ነገር አይደለም።

ለሴቶቹ እስካሁን አልነገረቻቸውም። በሰው ፊት ያፍራል ሰው፤ ይገባኛል፣ ግን ይቅር አላልኩም።

አሁን እሁድ እሁድ ምሳ እጠራታለሁ። ያለ ጨው የሠራሁትን አቀርብላታለሁ፤ እስክትጨርስም አጠገቧ እቀመጣለሁ።