የሐዲዱ እግሮች

ባቡሩን አልወደውም ነበር። ባሌ ከደሴ ሆስፒታል ወደ አዲስ አበባ ተልኮ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ "ቤታችሁ ሁኑ" ተብለን ስንመለስ፣ እኔ የጠበቅኩት ዱዓ እንዲያስደርግ፣ ዘመድ እንዲጠይቀው፣ ቢያንስ እንዲያርፍ ነበር። ጀርባው ላይ የወጣው እጢ እግሮቹን ወስዶበታል። እሱ ግን ዊልቸሩ ላይ እንደተቀመጠ ስልኩን አነሳና ጓደኞቹን ጠራ። "ግቢው ውስጥ ባቡር ልንሠራ ነው" አለኝ። ቆሽቴ አረረ።

ጓደኞቹ ሁለት ናቸው። አንዱ መርሳ ላይ የብየዳ ቤት አለው፤ ሌላው እዚሁ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ከደቡብ የመጣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሦስቱን ያገናኛቸው ቴሌግራም ነው። ትንንሽ ባቡር መሥራት የሚወዱ ሰዎች ተሰባስበው ያወራሉ ቢለኝ ያሾፈብኝ መስሎኝ ነበር። ባሌ ከመታመሙ በፊት፣ በሀብሩ በኩል ያልፋል በተባለው የባቡር መስመር ላይ የቅየሳ ረዳት ሆኖ ሠርቷል። ሥራው ቆመ፤ ባቡሩም ሳይመጣ ቀረ። የእሱ ልብ ግን ከዚያ ወዲህ ከሐዲድ ላይ አልወረደም።

ሐዲዱ ከመሬት ከፍ ብሎ በብረት እግሮች ላይ እንዲቆም የወሰነው እሱ ነው። ዊልቸሩ ላይ ሆኖ ፉርጎዎቹን በገዛ እጁ መቀጠል፣ ሲወድቁም ማንሳት ፈለገ። ክንዱን ዘርግቶ "እዚህ ጋ ይሁን" አለ፤ በያጁም በጠመኔ ምልክት አደረገ።

ቅዳሜና እሁድ ይመጡ ነበር። በያጁ ቱቦላሬውን ሚኒባስ ላይ ጭኖ፣ ከመርሳ እስከ ወልድያ ከረዳቱ ጋር ሲነታረክ ይደርሳል። መምህሩ ቶርኖ ቤት ያስቀረጻቸውን መንኮራኩሮችና ከተበላሸ ፕሪንተር የፈታውን ሞተር በላስቲክ ቋጥሮ ይመጣል። መብራት ሲጠፋ ብየዳው ይቆምና ሎሚው ሥር ተቀምጠው ስለ ኩርባ ይጨቃጨቃሉ። ኩርባው ጠቧል፣ አልጠበበም። የሽንኩርት መደቤን ረግጠው ደፈጠጡት። እኔም ፊቴን አጨፍግጌ ምሳ አቀርብላቸዋለሁ።

ጎረቤታችን የሆኑ አዛውንት ሊጠይቁት መጥተው፣ ግቢው ውስጥ የተገተረውን ብረት ዞረው አዩት።

"ልጄ፣ ይህ የዶሮ ቆጥ ነው?"

"አይ አባባ፣ ባቡር ነው" አልኳቸው።

"ባቡር?" አሉና ወደ ባሌ ዞሩ። "ትልቁን ስንጠብቅ ሸበትን። ትንሹን እንኳ አላህ ያሳየን!"

ባሌ ከት ብሎ ሳቀ። ከሆስፒታል ከተመለስን ወዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። እኔ ያላሳቅኩትን ሰው የብረት ክምር አሳቀው ብዬ ቀናሁ።

ባቡሩ መጀመሪያ የሄደ ዕለት ኩርባው ላይ ተገልብጦ ወደቀ። ባሌ እጁን ሰድዶ አነሳውና ኩርባውን አስፈታቸው። በሌላው ሳምንት ዙሩን ጨርሶ ሲገባ ሦስት ጎልማሶች እንደ ሰርገኛ አጨበጨቡ።

ከዚያ ባሌ መቀመጥ አቃተው። ግቢውን እንዲያይ ቀን ቀን አልጋውን በረንዳው ላይ እናወጣለታለን፤ ከተኛበት ሆኖ የሚታየው ግን የሐዲዱ ሆድ ብቻ ነው። አንድ ቀን ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ፣ በያጁ እግሮቹን በግራይንደር ቆርጦ ሐዲዱን ወደ አልጋው ልክ አውርዶታል። ቁራጮቹ መሬት ላይ ተበትነዋል።

"ማን ፈቀደልህ?" ብዬ ጮኽኩበት። "ነገ ሲነሳ በምን ሊደርስበት ነው?"

"እህት ዓለም፣ እሱ ነው ያዘዘኝ" አለ መሬት መሬት እያየ።

"ሁለተኛ ይህን ማሽን ይዘህ ግቢዬ እንዳትገባ!"

ያ የብረት ቁመት የባሌ ቁመት ሆኖብኝ ነበር። ሐዲዱ ከፍ ብሎ እስከቆመ ድረስ እሱም ይነሳል ብዬ ነበር። ይነሳል እላለሁ ለጎረቤት፣ ይነሳል እላለሁ ለዘመድ፣ ለራሱም እላለሁ። "ለረመዳን አብረን ቁጭ ብለን ነው የምናፈጥረው" ስለው ዝም ይለኛል። ዝምታውን እንደ ተስፋ ቆጠርኩት።

እየከበደ ሄዶ አልጋ ላይ ማገላበጥ ሲያቅተን፣ ፍራሹን በረንዳው ወለል ላይ አነጠፍንለት። ጓደኞቹ መምጣት አልተዉም፤ በያጁ ግን ባዶ እጁን ነው የሚመጣው። ባቡሩን ያስነሱለታል፤ እሱ ጣሪያውን እያየ ያዳምጣል። እነሱ በሌሉበት አንድ ጠዋት ባቡሩን እኔው አስነሳሁለት። ወደ በረንዳው በዞረ ቁጥር አገጩን ከትራሱ ለማንሳት ይታገላል፤ አንገቱ ተመልሶ ይወድቃል። አንዴ እንኳ አልታየኝም አላለም።

ጓዳ ገብቼ መርሳ ደወልኩ። በያጁ ድምፄን ሲሰማ ክፉ ወሬ መስሎት "ኢናሊላሂ" ማለት ጀመረ።

"አለ፣ አልሐምዱሊላህ። ማሽንህን ይዘህ ና" አልኩት።

"እስከ ምን ድረስ ልቁረጠው?"

"አንድ ስንዝር ተውለት" አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ጓዳው ውስጥ ቁጭ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ መጣ። ግራይንደሩ ሲጮህ ባሌ ዓይኑን ገለጠ።

"ማን ጠራው?"

"እኔ ነኝ።"

ትክ ብሎ አየኝ። "እንግዲያ አንቺም አወቅሽው።"

"አወቅኩት።"

"አልሐምዱሊላህ" አለ። "ብቻዬን ማወቁ ደክሞኝ ነበር።"

ፍራሹ ላይ አጠገቡ ተጋደምኩ። በያጁ የመጨረሻውን እግር ቆርጦ እስኪጨርስ አብረን አለቀስን።