መዳፌ ውስጥ የሞቀው ጉበት

ከነገሌ በተነሳሁበት ምሽት አጎቴ ቦሩ ሻንጣዬን ባጃጁ ላይ እየጫኑ አንድ ነገር ብቻ መከሩኝ፦ «የሰው አገር ነው ብለሽ ሰላምታ እንዳታሳጥሪ።» ወላጆቼ ከሞቱ ወዲህ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። እሺ ብዬ ወጣሁ። ምክሩ ጉድ እንደሚሠራኝ ማን ነግሮኝ!

ይኸው ጀርመን ነኝ። ብርዱስ ይቅር፣ ወተቱ! የጭስ ሽታ የሌለው ወተት ለቦረና ልጅ ውሃ ነው። ወዳጅ ለመጠየቅ እንኳ ተርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ያስፈልጋል። ሥራው ግን ተስማምቶኛል። የላቦራቶሪ ረዳት ነኝ፤ የአይጥ ጉበትና አንጎል እፈጫለሁ። የከብት አርቢ ልጅ አይጥ ትፈጫለች ብላችሁ ሳቁ እንጂ! ከዚያ ውስጥ ስኳርን ለሰውነት ሥራ የሚያዘጋጀውን ኢንዛይም እለካለሁ። የሚገርመው፣ ለአንዱ ሥራ በየአካሉ ሌላ ሌላ ሠራተኛ አለ። የአንጎሉ ቁንጥር ስኳር ሲያገኝ ወዲያው ይይዛል። የጉበቱ ኩሩ ነው፤ ስኳሩ ካልተትረፈረፈ እምብዛም አይነሳም። ደግሞም ሞልቃቃ ነው፤ ከበረዶ ላይ አንስተው ካቆዩት ይሞታል።

ስድስት ወር የሙከራ ጊዜ ነበረኝ። እሱን ካላለፍኩ ውል የለም፤ ውል ከሌለ የመኖሪያ ፈቃድም የለም። ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው የጉበቱን ብልቃጥ ከበረዶው አንስቼ ወደ መለኪያው ስሄድ ስልኬ ጮኸ። አጎቴ! ለኔትወርክ ብለው ከመንደር ወደራ ከተማ ድረስ ወጥተዋል። በምን አንጀቴ ልዝጋባቸው?

«አካም፣ ልጄ ዳዲ? ናጋ?» አሉኝ፤ እንዴት ነሽ፣ ሰላም ነው? ማለታቸው ነው።

«ናጋ፣ አጎቴ። እርስዎስ ደህና ነዎት? ቤቱ? ከብቱ? ዝናቡስ?»

ስንጨርስ ብልቃጡ መዳፌ ውስጥ ሞቋል። ለካሁት፤ ዜሮ። «የዚህች አይጥ ጉበት ኢንዛይም የለውም» ብዬ ብጽፍ ማን ያውቅብኛል? እጄ እስክሪብቶ አነሳ። ግን አልቻልኩም፤ አለቃዬ ኡተ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ዘከዘክሁት።

«ስልክ ላይ ምን ስትይ ነበር?»

«ሰላምታ።»

«ሩብ ሰዓት ሙሉ ሰላምታ?»

«ገና ግመሎቹ ጋ ነበር የደረስነው።»

ኡተ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። አለቀልኝ አልኩ በሆዴ።

«ዜሮውን ከነምክንያቱ መዝግቢው» አለችኝ። «ጉበት ይተካል። የውሸት ቁጥር ግን ሁላችንንም ዓመት ሙሉ ያሳስተን ነበር። ስልክሽን ከበር ውጭ ተዪው!» በሳምንቱ ውሉን ፈረመችልኝ።

በደስታ እየበረርኩ፣ አጎቴ ወደራ በሚወጡበት የገበያ ቀን ደወልኩላቸው። ሰላምታችንን ሳናጓድል ከጨረስን በኋላ «ሦስት ዓመት እዚሁ ልሠራ ነው» አልኳቸው።

«እሰይ ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጊደርሽ እኮ ወለደች። ጥጃዋን አንቺ መጥተሽ ስም ታወጪላት ብለን ዝም ብለናል። እኛው እናውጣላት ወይስ እንጠብቅሽ?» አሉኝ።

«ጠብቁኝ» አልኳቸው። ሦስት ዓመት ስም የሌላት ጥጃ! እሳቸው ግን «እሺ» አሉኝ።