እናቴ የማትቀምሰው ሳምቡሳ

ቆርቆሮ ፀሐይ ሲያገኘው ይናገራል። መጀመሪያ ጠቅ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ጠቅ ጠቅ። ዛሬ ጠዋት የክፍላችን ጣራ እንዲህ ሲጀምር እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። የከሙን፣ የሽንኩርትና የጋለ ዘይት ሽታ መጣብኝ። በእውነቱ ክፍሉ የሚሸተው ጠመኔ ነበር፤ ልቤ ግን ጥሎኝ ሄዷል፤ ሀርጌሳ፣ ሼክ ኑር ሰፈር፣ የድሮው ግቢያችን በር ላይ ደርሶ ቆሟል። እኔ ደግሞ አንዴ ከጀመርኩ አላቆምም፤ ታገሡኝ።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እናቴ ከከተማው ማዶ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር፤ አዳሯም እዚያው። በሳምንት አንድ ቀን ትመጣለች፤ ያ ቀን ደግሞ ልብስ ስታጥብ፣ ሽሯችንን ስታሰናዳ፣ የኔን ፀጉር ስትፈታና ስትሠራ እልም ይላል። አባቴ ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ሥራ ሲገኝ በርበራ ድረስ ይሄዳል። ሁለቱም በሌሉ ቀን የማድረው ከግቢው ባለቤት ጋር ነው። ኤዶ እላታለሁ፤ በሶማልኛ አክስት እንደማለት። ድሬዳዋ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ከኔ ይፈጥናል፣ ሳቋ ደግሞ ከአማርኛዋ። አንዴ እንደ እናቴ "እርስዎ" ብላት፣ "እረ አቦ! ጥርሴ ሳይወልቅ አሮጊት አደረግሽኝ?" ብላ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ።

እናቴ ያኔ አንድ ሐሳብ ነበራት። ባጃጆቹ የሚቆሙበት ጋ ሻይ ቤት ያላት ሴት፣ "በረመዳን የሥጋ ሳምቡሳ አምጪልኝ። አንድ ቀን እንየው። ሰው ከወደደው በየቀኑ፤ ከዒድ በኋላም ለቁርስ እወስዳለሁ" ብላታለች። አዋቂዎቹ ብዙ ነገር አወሩ። እኔ የሰማሁት አንዱን ብቻ ነው፦ ሳምቡሳው ከተወደደ እናቴ ቤቷ ታድራለች።

ችግሩ ማዕድ ቤት ነው። ኤዶ እሳት ትፈራለች፤ በክፍሎቿ ውስጥ ዘይት አይጋልም። ስለዚህ አባቴ ከሥራ መልስ ግቢው ጥግ ላይ ማዕድ ቤት መሥራት ጀመረ። እንጨቱ ትርፍራፊ፣ ቆርቆሮው ያገለገለ። ወለሉን ብታዩት! ከየቤቱ በተረፈ ሴራሚክ አነጠፈው፤ አንዱ አበባ ያለው፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ እብነ በረድ መሳይ። የሀርጌሳ ሀብታሞች መታጠቢያ ቤት ሁሉ እኛ ማዕድ ቤት ውስጥ ተሰብስቦ ነበር ብል አልዋሸሁም።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ልቀጥል። እናቴ ለሰው የምታበስለውን ሥጋ በሕይወቷ ቀምሳው አታውቅም። እኛ ቤት በሙስሊም እጅ የታረደ አይበላም፤ ኤዶም በእኛ እጅ የታረደ አትበላም። በዚህ ማንም ማንንም ተቀይሞ አያውቅም። እናቴ በአፍንጫዋና በጆሮዋ ታበስላለች፤ ቀማሿ ኤዶ ናት። በረመዳን እንኳ ኤዶ በምላሷ ጫፍ ነካ አድርጋ፣ እንትፍ ብላ፣ አፏን ተጉመጥምጣ ትፈርዳለች። "ካልዋጥኩት ጾሜ ምን ሆነ?" ትላለች።

ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ነበር። ግቢው በሙሉ ጾመኛ። እኔም ገና መጾም መጀመሬ ስለነበር ጉራዬ አይቻልም።

የሙከራው ቀን ደረሰ። እናቴ ፈቃድ ጠይቃ በጠዋት መጣች። ኤዶ ደግሞ ታማ የተኛች እህቷን ልትጠይቅ በማለዳ ድንበሩ ላይ ወዳለችው ወጃሌ ሄዳለች፤ "ከዐሥር ሶላት በፊት እደርሳለሁ" ብላ። አባቴ ጣራው ላይ ነው፣ ምስማር በከንፈሩ ይዞ። ሥጋው በብረት ድስት ውስጥ ይንሿሿል፤ እኔ ሊጥ እያጠፍኩ ነው። እናቴ ሽንኩርት ልታመጣ ወጣ ብላ ስትመለስ አባቴ ከጣራው ወርዶ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብሏል፤ በእጁ የጨው ጣሳ።

"ምን እየሠራህ ነው አንተ ሰውዬ?"

"ጨው ረስተሽ ነበራ! ደረስኩልሽ።"

"ማን ነው የረሳው?"

አባቴ ጣሳውን አየ፣ ድስቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፤ እኔ የማድነው ይመስል።

"ብዙ አይደለም፣ አንድ ጭብጥ" አለ።

"በማን ጭብጥ? በዚህ አካፋ በሚያህል እጅህ?"

ሳቄ መጣ፤ የእናቴን ፊት ሳይ ተመለሰ። ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ጨው ግን ሽታ የለውም። ጎረቤት ወስዳ እንዳታስቀምስ ወሬው ከሳምቡሳው ቀድሞ ሻይ ቤት ይደርሳል፤ "የራሷን ጨው የማታውቅ" መባል ነው። ለኤዶ ደወለች። "ገቢሌ አልፌያለሁ፣ ሾፌሩ ግን እንደ ኤሊ ነው!" የሚለው ድምፅ ከስልኩ አልፎ እኔ ጋ ደረሰ።

"እኔ ልቅመሰው?" አልኳት።

እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ቀስ ብላ አናግራኝ አታውቅም፤ ጊዜ የላትማ።

"ለምንድን ነው የምትቀምሽው?"

"እንዳትሄጂ።"

ጉንጬን በሽንኩርት እጇ ይዛ ብዙ ቆየች። ዓይኖቻችን አለቀሱ፤ ሽንኩርቱ ነው ተባባልን። "እንደሱማ አይሆንም፤ የእኔን ሸክም አንቺ አትሸከሚም" አለችኝ።

ኤዶ የገባችው ጥላ ግቢውን ካጋመሰው በኋላ ነው። ከባጃጅ ወርዳ "አሰላሙ..." ብላ ሳትጨርስ እናቴ ማንኪያውን አቀረበችላት። "ኤዶ፣ ይቅመሱልኝ!" ኤዶ በምላሷ ጫፍ ነካች። እንትፍ አለች። ደገመች።

"ያ አላህ! የበርበራን ባሕር ማን ነው እዚህ ያመጣው?"

አባቴ የጣራውን መሰላል መውጣት ጀመረ።

"ና ውረድ አንተ! ድንች ላጥ!" ኤዶ ከወጃሌ የገዛችውን ድንች መሬት ላይ ዘረገፈችው።

"የሥጋ ነው ያለችኝ እኮ" አለች እናቴ።

"ድሬ ብትሆኚ ድንች ከሌለው ማን ይነካልሻል? ወላሂ ዝም ብለሽ ቀቅይ!"

አባቴ ላጠ፣ እናቴ ቀቀለች፣ ኤዶ ደፍጥጣ ከሥጋው ጋር እያዋሐደች ቀመሰች፣ ተፋች፣ ቀመሰች፣ ተፋች፤ በመጨረሻ ዓይኗን ጨፍና "አሁን ሰው ይበላዋል" አለች። ዘይቱ ውስጥ ሲገቡ የሚያሰሙት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አዛን ሊል ሲል ሻይ ቤቱ ደረስን። እኔና እናቴ በር ላይ ቆምን። አዛን አለ፤ ሰዉ በቴምር አፈጠረ፤ ከዚያ ሳምቡሳ። የሻይ ቤቷ ባለቤት ገመጠች፤ አኘከች፤ ውስጡን ገልጣ አየች።

"ድንች ነው?" አለች በሶማልኛ።

የእናቴ ጣቶች እጄን ጨመቁት። "ነው" አለች።

ሴትዮዋ ሁለተኛ አነሣች። "ነገም ድንች አይለየው።"

በመንገዱ ሁሉ እየዘለልኩ ነው የተመለስኩት። እናቴ ለአሠሪዋ ደውላ ከእንግዲህ እንደማትመለስ ተናገረች፤ ልብሷን ሌላ ቀን መጥታ እንድትወስድ ተስማሙ።

አሁን ግቢው የሌላ ሰው ነው፤ ማዕድ ቤቱም ፈርሷል ይባላል። ኤዶ ልጇ ዘንድ ድሬዳዋ ገብታለች። በስልክ ስታወራኝ ሳቋ አሁንም ይፈጥናል፣ ትንፋሿ ግን አልከተል ብሏታል፤ እያረፈች ነው የምትስቀው። እንዳይታወቅባት እኔ ቶሎ ብዬ አወራለሁ።

እኔ ግን ልነግራችሁ የፈለግሁት የማግስቱን ጠዋት ነው። ስነቃ እናቴ አጠገቤ ተኝታለች። እናቴን ተኝታ አይቻት አላውቅም ነበር። በመጣች ቀን ሁሉ ስነቃ ቆማ ነው የማገኛት። አፏ ትንሽ ተከፍቷል፤ ጥፍሯ ሥር ሊጥ ደርቋል፤ ፊቷ የሌላ፣ የትንሽ ልጅ ፊት ይመስላል። አባቴ ለሥራ ሊወጣ ሲል ዓይን ለዓይን ተያየን። ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ በባዶ እግሩ ወጣ። እኔ ቁጭ ብዬ አየኋት፣ ጨረር በበሩ ስንጥቅ ገብቶ ትከሻዋ ላይ እስኪደርስ።

ትምህርት ቤት አረፈድኩ።

"ለምን አረፈድሽ?" አሉኝ መምህሬ።

"እናቴ ተኝታ ነበር" አልኳቸው።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።