የአጣቢዋ አሻራ

ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሳጥብ አርጅቻለሁ፤ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ የምትስቅ እንደ እቴቴ ያለች ሴት ግን አላየሁም። ታናናሽ ወንድሞቿ «እቴቴ» ይሏታል፤ እኛም የሥራ ባልደረቦቿ እቴቴ አልናት። ቀኑን ሙሉ ከእኔ ጋር አጥባ ቤቷ ስትገባ ደግሞ የሦስት ጎረምሶች ልብስና ሳህን ይጠብቃታል። እኔን የሚያንጨረጭረኝ ይሄ ነበር።

እጮኛዋ ሹፌር ነው። ከሠርጉ በፊት የጋብቻው ወረቀት ይለቅ ያለችው እሷ ናት። እናቷ ተደግሶላት ብትዳርም ወረቀት አልነበራትም፤ ባሏ ሲሞት ዘመዶቹ ከነልጆቿ ከቤት አስወጧት። «እኔ እንደ እማዬ ዕቃዬን ታቅፌ በር ላይ አልቆምም» ትላለች።

ለምዝገባው መታወቂያዋን ልታድስ ሄዳ ጣቷን የአሻራ መሣሪያው ላይ ብታስቀምጥ፣ አሻራ የለም። በረኪናው ልጦ ጨርሶታል። መዝጋቢው ቀና እንኳ ሳይል፣ «እጅሽን አሳርፊና ነይ» አላት።

እጅሽን አሳርፊ! በምን ዕድሏ? ደሜ ፈላ። አለቃችንን ጨቅጭቄ ወደ ልብስ ማጠፊያው ክፍል አስዛወርኳት። ቤቷን ግን ማን ይጨቅጭቅላት? ራሷ «ቤትም አላጥብም» አለች። ሳህኑ ተቆለለ፣ ቤቱ ሸተተ። ትልቁ ወንድሟ አኮረፈ።

«ይሄ ሁሉ ለአንድ ወረቀት ነው እቴቴ? ሠርጉ አይበቃም?»

«እማዬም ሠርግ ነበራት።»

በመጨረሻ እየተነጫነጨ አጠበ። ለሠርጉ የገዛውን ነጭ ሸሚዝ ከቀይ ካልሲ ጋር ዘፍዝፎ ሮዝ አደረገው። ስሰማ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እጇ ሲያገግም እኔና ትልቁ ወንድሟ አጅበናት ተመልሳ ሄደች። መሣሪያው ጣቷን ተቀበለ። እኔ እንባዬ መጣ፤ ወንድሟ ግን እጁን አፋተገ።

«ተመስገን! በቃ ዛሬ የሸሚዜን ቀለም ታስለቅቂልኛለሽ።»

እቴቴ አልሳቀችም። እዚያው ወረፋው መሀል ዞረችበት።

«የዚህ ጣት አሻራ የጠፋው እናንተ ፊት ነው። ስንት ዓመት ሳህን ስቀበልህና ሳቀብልህ አላየኸውም። ያየልኝ መሣሪያ ነው!»

መዝጋቢው እንኳ ቀና አለ። ወንድሟ አንገቱን ደፋ።

«ታዲያ ለሠርጉ ምን ልልበስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ሮዙን።»