የእህቴ አንድ ዓረፍተ ነገር

የእኔና የታላቅ እህቴ ጆሮ መድከም የጀመረው በአርባዎቹ ዕድሜያችን ነው። ከአባታችን የወረስነው ነው። እሷ ብራስልስ ትኖራለች፤ መስማት የሚቸግራቸው ሰዎች ካቋቋሙት ማኅበር ጋር ሆና፣ በባቡር ጣቢያና በሆስፒታል የሚነገረው ሁሉ በጽሑፍም እንዲታይ የአውሮፓ ኅብረት ሰዎችን ደጅ ትጠናለች። እኔ እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ፣ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ።

አምና፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣ ግራ ጆሮዬ ድንገት ተዘጋ። ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ማስክ ስላደረገ ከንፈሩ አይታየኝም። የአማርኛ አስተርጓሚ አለ ብለው ስልክ አመጡና ስፒከር ላይ አደረጉት። ሰውዬው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስል ነበር።

“አይሰማኝም” አልኩ። ድምፁን ጨመሩት።

“አይሰማኝም እኮ! ይጻፍልኝ!”

ነርሷ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጋ የሆነ ነገር አለችኝ። አፈርኩና ራሴን ነቀነቅኩ። መድኃኒቱን ዛሬውኑ ጀምሪ ብለውኝ ኖሯል። ይህን ያወቅሁት ከቀናት በኋላ፣ ጓደኛዬ ይዛኝ ወደ ሆስፒታሉ ስትመለስ ነው። ጊዜው አልፎ ነበር፤ ጆሮዬ አልተመለሰም።

ለእህቴ ጻፍኩላት። “ራስሽ ንገሪያቸው” አለችኝ። ማኅበሯ ለኅብረቱ ሊያቀርበው ባዘጋጀው ረቂቅ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አስገብታ ነበር፤ በሆስፒታል የሚቀርበው ጽሑፍ በስደተኞች ቋንቋም ይሁን የምትል። ረቂቁ ላይ በቪዲዮ ሲወያዩ እኔም እንድገባ ተስማማን።

የዚያን ቀን ጠዋት፣ ሺፍቴ ሳይጀምር፣ ኢስተን የገበያ ማዕከል መኪናዬን አቁሜ በስልኬ ገባሁ። የደረሰብኝን በምችለው እንግሊዝኛ ተናገርኩ። ንግግሩ ወዲያው በጽሑፍ ከሥር ይወጣል። አንዲት ሴትዮ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ቀጥሎ አንድ ሰው ተናገረ፤ አነበብኩት። ታሪኩ ልብ ይነካል፣ ቋንቋው ግን ብዙ ነው፤ ለዚህ ዙር ብናልፈውስ?

እህቴ በፈረንሳይኛ መናገር ጀመረች። ፊቷ ቀልቷል። ትርጉሙ ተከትሎ ወጣ፦ “እኔ ስታመም በየትኛው ቋንቋ ነው የምታመመው?”

እጅ ይውጣ ተባለ። ዓረፍተ ነገሯ ከረቂቁ እንድትወጣ የራሷ ማኅበር ሰዎችም እጃቸውን አወጡ። በዚያች ዓረፍተ ነገር ምክንያት የረቂቁ ሌላው ክፍል እንዳይወድቅ ፈርተው ነው። አብረዋት ዓመታት የለፉ ሰዎች ናቸው።

ስብሰባው እንዳለቀ በቪዲዮ ኮል አደረገችኝ። እያለቀሰች ታወራለች። ንግግር ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው የስልኬ ካፕሽን አማርኛውን አያውቀውም፤ የእንግሊዝኛ ቃል ዝም ብሎ ይደረድራል።

“እትዬ፣ አልሰማሁሽም!”

እሷም እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ጮህኩ። የሚያልፉ ሰዎች በመስኮት አዩኝ። የእናታችንን ቋንቋ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ግን አንዳችን ለሌላችን ማድረስ አልቻልንም። ፊቷ እንዲህ አርጅቶ አይቼው አላውቅም።

ስልኩን ዘጋችና ጻፈችልኝ፦ “ልተወው ይሆን?”

በርቺ ልላት ፈለግሁ፤ ጣቴ እምቢ አለ። “ደክሞሻል፣ ተይው” አልኳት።

ረቂቁ ያለዚያች ዓረፍተ ነገር ሄደ። እህቴ ማኅበሩን አልለቀቀችም። ስብሰባ ትሄዳለች፣ ትቀመጣለች፤ እጇን ግን ካነሳች ቆየች።