የማያፈስ ሸክላ

ዛሬ ጠዋት የሳሎኑን በር ስከፍት የረጋ ውኃ ሸተተኝ። ሽታው የሚመጣው ከሶፋው ጥግ ካለችው አበባ ነው። ልጄ ዓረብ አገር ልትሄድ ስትል ከሲቀላ ገበያ በባጃጅ አቅፋ ያመጣቻት ናት። ማስቀመጫዋ ነጭ ሴራሚክ ነው፣ ጠርዙ ወርቅማ። "እማ፣ ውኃ እንዳትረሺባት" አለችኝ። አልረሳሁም። ስልኳ መጥራት ካቆመ ወዲህ ፍርሃት በያዘኝ ቁጥር ተነስቼ አጠጣታለሁ። አሁን ቅጠሏ ቢጫ ሆኗል። የሴራሚኩ ቂጥ ድፍን ነው። ልብሳው ብል ይሰነጠቅብኛል፣ ከእጇ የቀረኝ ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ይህን የምጽፍበትን ፊደል እንኳ አንደኛ ክፍል ሳለች ከጎኗ አስቀምጣ ያስጨረሰችኝ እሷ ናት።

ሽታውን ግን ከእሷም በፊት አውቀዋለሁ፣ አንቺ የምታነቢኝ እህቴ። ጥርሴን የምነቅል ልጅ ሳለሁ ነው ያወቅሁት።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ደጋው ላይ ጭቃ ታወጣለች፣ ትሠራለች፣ ትተኩሳለች፤ በገበያ ቀን ሲቀላ ተሸክማ ትወርዳለች፤ እኔም ከኋላዋ። ከስልጤ የመጡ የአንድ ጨርቅ ነጋዴ ሚስት ደንበኛዋ ነበሩ። ሳሎናቸው ውስጥ አበባ ይወዳሉ፣ የሚተክሉት ግን በዘይት ጣሳ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ያፍሩበታል።

"እናት፣ ለሳሎን የሚሆን የአበባ መትከያ ሥሪልኝ፣ የሚያምር" አሏት። "ከታች ግን ብሺው።"

እናቴ አማርኛዋ አጭር ስለነበር በጋሞኛ ነገርኳት። ሳቀች። "እየቀለዱ ነው እንዴ በያቸው።"

ሴትየዋ ያን ጊዜ እኔን አዩኝ። "ይቺን ምላስ ከየት አመጣሻት? እኔ ዘንድ ትሁንና አበቦቹን ትጠብቅልኝ። ካማሩልኝ መስከረም ሲጠባ ከልጆቼ ጋር አስመዘግባታለሁ፣ ወላሂ።"

ይህችን ቃል እናቴ ደግሜ እንድነግራት አደረገችኝ። በእኛ መንደር የሸክላ ሠሪ ልጅ ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም ነበር።

አንድ ነገር ልንገርሽ። በገበያችን ሸክላ የሚገዛ ሰው ውኃ ይሞላበትና አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያወራል። ሥሩ ከራሰ ጥሎ ይሄዳል። ሠሪዋ ከዚያ በኋላ "አፍሳሽ" ነው ስሟ፤ ስሙ ደግሞ ለልጇም ይተርፋል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ከዚህ ስም ስትሸሽ የኖረች ሴት ናት። እንዴት አድርጋ በስታ ትሥራ? "ለልጄ መማሪያ አፍሳሽ ሸክላ ልስጥ?" አለች። ሦስት መትከያ ድፍን አድርጋ ሠራች፤ በለስላሳ ድንጋይ እስኪያብረቀርቁ አሸቻቸው፣ አንገታቸው ላይ እንደ ድሪ ጌጥ አዞረችባቸው። ከእሳት ሲወጡ፣ ገና ትኩስ ሳሉ፣ ጠብታ እንዳያሳልፉ በቅጠል ጭማቂ ውስጣቸውን ደጋግማ ቀባች። እጇ ተላጠ። እንደዚያ ያማረ ነገር ሠርታ አታውቅም፤ ከዚያም ወዲህ አልሠራችም።

ሴትየዋ ሲያዩአቸው ከማማራቸው የተነሳ ቀዳዳውን ረሱት፤ እኔም እሳቸው ዘንድ ቀረሁ።

የዚያ ቤት ሽታ አሁንም አለብኝ፤ ያልታጠበ አዲስ ጨርቅና ቅርንፉድ ያለበት ሻይ። ብርሃኑ በአረንጓዴ መጋረጃ ተጣርቶ ሲገባ ሸክላዎቹ የበሰለ ፍሬ ይመስላሉ። ጠዋት ጠዋት አጠጣለሁ፤ ማታ ማታ ልጆቹ አስተማሪ፣ እኔ ተማሪ ሆነን እንጫወታለን። የባልየው እናት ከፍራሻቸው ላይ ሆነው ያዩኛል። "አጠጪ፣ አጠጪ። አባያ ሐይቅ ቢደርቅ ዓሣውን እዚህ እናረባለን" ይሉኛል። ቤቱ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። አበባው ሲጠወልግ የጠማው መስሎኝ ጨመርኩለት።

ከዚያ ሽታው መጣ። ሴትየዋ አንዷን አበባ ከነሥሯ ሳብ ሲያደርጉ ያለምንም ትግል ወጣች። ሥሩ ጠቁሮ ላሽቋል። ከሥር ውኃ ተኝቷል።

"ብሺው ብዬ ነበር እኮ" አሉ፣ ቀስ ብለው።

አሮጊቷ ደግሞ "ማሰሮ ሠሪ፤ ያየችውን ሁሉ ወጥ ልትሠራበት" አሉ።

አሁን፣ ይህን እየጻፍኩ፣ የልጄን ስልክ እንደገና ሞከርኩት። በማላውቀው ቋንቋ አንዲት ሴት ትናገርና ይዘጋል። ምን እያለችኝ እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው እንኳ የለኝም።

በገበያ ቀን እናቴ ተጠራች። "አብሽሪ፣ አሁንም ይበሳል" አሏት ሴትየዋ፤ ምስማርም ሰጧት። እናቴ አንዱን ሸክላ ገልብጣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ሸክላ የሚበሳው እርጥብ ሳለ መሆኑን ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ቢሆንም ምስማሩን አስጠግታ በድንጋይ መታችው፤ ከቂጥ እስከ አንገት ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን አነሳች። እሱም። የመጨረሻውን ሳትመታው በፊት ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ መታችው። ስብርባሪውን ከምንጣፉ ላይ በእጇ ለቀመች፤ ምንጣፉን ጠረገች።

ሴትየዋ ክፉ አልነበሩም፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "የመስከረሙን ነገር እንግዲህ እናያለን፣ እንሻአላህ" አሉ። ይህን አልተረጎምኩላትም። እናቴ ግን ነጠላዋን አደግድጋ ተነሳች፣ እጄን ያዘች።

በላንቴ መንደር በኩል፣ የሙዙን እርሻ አልፈን ወደ ዳገቱ ዞርን። አባያ ከኋላችን ጭቃ መስሎ ቀልቶ ተኝቷል። እንደወትሮው አላንጎራጎረችም። ብዙ ከሄድን በኋላ ፊቷን ሳትመልስ "ልጆቹ የሚያስጮሁሽ ነገር ምን ነበር?" አለችኝ።

"ፊደል።"

"በይልኝ እስቲ።"

ሀ ሁ ሂ ብዬ ጀመርኩ። ለ አልኩ፣ ሐ አልኩ፣ መ፣ ሠ። ረ ላይ ስደርስ የማውቀው አለቀ። እናቴ ቆመች፤ ላቧን ጠረገች።

"ጨረስሽው ማለት ነው?"

ፊቷን አየሁት።

"አዎ፣ ጨረስኩት" አልኳት።

"እሰይ፣ ልጄ" አለችና መንገዱን ቀጠለች።