የኦናው ድንጋይ

አጎቴ የደወሉልኝ ከማስተምርበት ከሞላሌ ለግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ልወጣ ስሰናዳ ነበር።

«የመንደራችንን መቶኛ ዓመት ልናከብር ነው» አሉ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ሽማግሌዎቹን ጠያይቀሽ ታሪኳን ጻፊልን። በበዓሉ ቀን ይነበባል።»

«መቶ ዓመቱን ማን ቆጠረው፣ ጋሼ?»

«ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው» ብለው ዘጉት።

መንደራችን ከቀየት ከተማ ዳገቱን በእግር ወጥተው የሚደርሱባት፣ ከገብስና ከበግ ሌላ የማታውቅ ትንሽ መንደር ናት። ላይ ቤትና ታች ቤት ተብላ ለሁለት ትከፈላለች። እኔና አጎቴ የላይ ቤት ዘር ነን። በሁለቱ መካከል፣ አንድ የታች ቤት ገበሬ በሚያርሰው ማሳ ውስጥ፣ «ኦናው» የምንለው የፈረሰ ቤት ነበር። ጣራም በርም የለውም፤ የቀረው ወገብ የሚደርስ የድንጋይ ግድግዳ ብቻ ነው። መንደሪቱን ያቀናው ሰው ቤት ነው ሲባል እየሰማን አድገናል። የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ አጎቴ ነበሩና ድንኳኑ እዚያ እንዲተከል፣ ሐውልትም እንዲቆምበት አስወስነዋል።

መጀመሪያ የሄድኩት በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት ሽማግሌ ዘንድ ነው። በርኖሳቸውን ተከናንበው በራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጠላ አስቀዱልኝ፤ ስለ በጎቹ በሽታ፣ ዘንድሮ ስለበረታው ውርጭ አወሩልኝ። መንደሩን ማን እንዳቀናው ስጠይቃቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ማነው የላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም፣ አባባ። ለበዓሉ ነው።»

«ልጄ፣ በእኛ አገር አባት የሚቆጠረው መሬት ሲፈለግ ነው።» ዋንጫቸውን አነሱ። «እኔ ደግሞ ረስቼዋለሁ።»

ሌሎቹም ያው ነበሩ። አንዱ ቅድም የነገረኝን ሲደግምልኝ ሌላ ያደርገዋል፤ አንዷ ስልኬን ስታይ «ድምፄን ቀድተሽ ለማን ልታሰሚ ነው?» ብላ ጓዳ ገባች። በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት መነኩሲትም ነበሩ። ከግሼ፣ ከራቤል በኩል መጥተው እዚያው ያረጁ ናቸው፤ ልጅ ሆኜም አውቃቸዋለሁ። ስለ ኦናው ስጠይቃቸው መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ።

«እኔ የግሼ ሴት ነኝ። የዚህ አገር ነገር አይመለከተኝም» አሉ። ከበራፋቸው ሳልርቅ ግን ጠሩኝ። «እዚያ ቦታ ላይ ልትጨፍሩ ነው የሚባለው እውነት ነው?»

«እንበላለን፣ እንጠጣለን፣ እማሆይ። በዓል አይደል?»

ገብተው በራቸውን ዘጉ።

በማግስቱ ኦናውን በስልኬ ፎቶ ሳነሣ የማሳው ባለቤት መጣብኝ። ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የተማረ ሰው ነው፤ ቢሆንም ሰላም አላለኝም።

«ምን ትለኪያለሽ?»

«አልለካም። ፎቶ ነው የማነሣው።»

«ዛሬ ፎቶ፣ ነገ ሐውልት፣ ከነገ ወዲያ 'የአባቴ ቤት ነበር' ይመጣል። አጎትሽ በዚህ ድንበር ከአባቴ ጋር ስንት ጊዜ ሽማግሌ ፊት እንደቆሙ አልነገሩሽም?»

አልነገሩኝም ነበር። ቤት ገብቼ አጎቴን ጠየቅኳቸው። «ያ ያለፈ ነገር ነው» አሉ፤ ወዲያው ግን ወሬውን ወደ ድንኳኑ አዞሩት። እኔም ከዚያ ወዲያ እንደ መንደሩ ሰው ሆንኩ፦ አጎቴ ሲስቁም ሲጸልዩም ዓይኔ እሳቸው ላይ ነው። በዓሉን ለምን እዚያ ፈለጉት? ታሪኩንስ ለምን በእኔ እጅ ሊያጽፉት ፈለጉ?

በዓሉ ሲቃረብ አንድ ቀን ድንኳኑ የሚተከልበትን ሊያዩ የሄዱ የኮሚቴው ሰዎች እየሮጡ ተመለሱ። የኦናው ግድግዳ የለም። ድንጋዩ አንድ ሳይቀር ተነሥቶ፣ ቦታው ጥቁር አፈር ብቻ ሆኗል።

አጎቴ «ገበሬው ነው!» አሉ። ገበሬው ደግሞ «እኔን ከሶ መሬቴን ለመውሰድ ራሱ ነው ያስነሣው» አለ። በሁለት ቀን ውስጥ ላይ ቤት ከታች ቤት እሳት መጫጫር ተወ። እኔም ገበሬውን ጠረጠርኩ፤ አጎቴንም ከመጠርጠር አልዳንኩም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ሕዝቡን ደጀ ሰላሙ ፊት አስቀመጡት። ድሮ ነገር ሲጠፋ፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ መንደሩ ሁሉ የማይነሣበት አውጫጭኝ እንደሚባለው ማለት ነው። «ያደረገ ይናገር፣ ያየ ይመስክር። አለዚያ ውግዘት አለ» አሉ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ።

መነኩሲቷ ተነሡ።

«አባቴ፣ አያውግዙ። እኔ ነኝ ያስነሣሁት።»

ማንም የሰማውን አላመነም።

«የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ለሚጠግኑት 'ድንጋይ አለላችሁ' ብዬ ሌሊት አሳየኋቸው፤ እንዳይናገሩም አስማልኳቸው። ዛሬ ስትገቡ በአጠገቡ ነው ያለፋችሁት።»

ሁላችንም ዞረን አየን። በመቃብሩ በኩል ያለው የቅጥሩ ክፍል አዲስ ነበር።

«የምን ቤት አድርጋችሁ ነው የያዛችሁት?» አሉ። «የአቅኚ ቤት አይደለም። የኅዳር በሽታ ጊዜ በዚያ ቤት ያሉት ሁሉ ታመሙ። መንደሩ ፈራ። ላይ ቤትም ታች ቤትም ተሰብስቦ በሩን በድንጋይ ደፈነው፤ ውስጥ ያሉት ዝም ሲሉ ደግሞ ጣራውን አቃጥሎ በላያቸው ናደው። የምትቆጥሩት መቶ ዓመት ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። አያቶቻችሁ 'ኦናው ከሆነ ወዲህ' ሲሉ ሰምታችሁ መንደር የተቆረቆረበት መሰላችሁ። ጣራው ከመቃጠሉ በፊት አንዲት ነፍስ ያወቀች ልጅ በመስኮት ሾልካ ወጣች። አንድ የግሼ ነጋዴ አዝሏት ሄደ። እናቴ ናት።»

መጀመሪያ የተናገረው ገበሬው ነው።

«ታዲያ መሬቱ የእኔ ነው ሊሉ ነው፣ እማሆይ?»

«ይኸው!» አሉ መነኩሲቷ። «ይህን ዘመን ሁሉ ዝም ያልኩት ይህን ፈርቼ ነው። ከዚያ ቤት ዘር ነኝ ብል መሬት ፈልጋ ነው የመጣች ትሉኝ ነበር። እኔ የመጣሁት እናቴ 'አጥንታቸው ካለበት አትራቂ' ስላለችኝ ነው። በላያቸው ልትጨፍሩ ስትነሡ ግን አላስቻለኝም።»

ቄሱ ቅጥሩን የሠሩትን ሰዎች ጠየቁ። «ከድንጋዩ ሥር ከሰል የሆነ የጣራ ወጋግራ አገኘን፤ ፈርተን ከዚያ በታች አልቆፈርንም» አሉ። ማስረጃው ይኸው ብቻ ነበር። እኔ መነኩሲቷን አመንኳቸው። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ግን «ማን አየ?» ስትል ሰማኋት።

በዓሉ ቀረ። በዓሉ በተቆረጠለት ቀን ድንኳኑ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ተተክሎ ለሞቱት ጸሎተ ፍትሐት ተደረገ፤ ለበዓሉ የተጠመቀው ጠላም የተዝካር ሆነ። ቄሱ የሟቾቹን ክርስትና ስም እንዲነግሯቸው መነኩሲቷን ጠየቁ። እናታቸው ያስጠኗቸውን አንድ በአንድ ጠሩ። የቤቲቱን እመቤት ስም ሲጠሩ «የላይ ቤት ልጅ ናት» ብለው የአባቷን ስም ጨመሩ። የአጎቴ ቅድመ አያት ስም ነበር። ሴትየዋ የአጎቴ አያት እህት ናት ማለት ነው። አያታቸው ደግሞ፣ መንደሩ ሁሉ ነው ከተባለ፣ በሩን ከደፈኑት አንዱ ናቸው።

አጎቴ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እንደዚያ ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም፤ እናታቸው ሲሞቱ እንኳ። ወዲያ ማዶ ገበሬው ወደ ሚስቱ ዘንበል ብሎ «የመሬት እንባ ነው» አለ። ቀስ ያለ መስሎት ነው እንጂ ሁላችንም ሰምተነዋል።

ታሪኩን እንደሰማሁት ጻፍኩት። አጎቴ ካነበቡት በኋላ «በሩን የደፈኑት ላይ ቤትም ታች ቤትም ናቸው የሚለውን እንዳትሰርዢው» አሉኝ። እኔ እንድሰርዘው የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነበር።

ገበሬው በበልጉ ቦታውን አርሶ ገብስ ዘራበት፤ ዳር ዳሩንም ባሕር ዛፍ ተከለ። ከአጎቴ በኩል እስካሁን ክስ አልመጣም። መነኩሲቷን ግን አሁን ማር ይዘው ይጠይቋቸዋል፤ «የሥጋ ዘመዴ ናቸው» ይላሉ። ዘመድነቱን ነው ወይስ ዝምድናው የሚያመጣውን መሬት የሚወዱት? ልጠይቃቸው እነሣና እተወዋለሁ። አጎቴ ናቸው፤ ላምናቸው እፈልጋለሁ።